ያለ ሰሚ የቀረ ቀልድ

መነጽር ሠሪው ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ከሁሉ የከበደው ቀልድ ነበር። ሰው የትዳር ጓደኛው ሲሞትበት አልጋው ይሰፋበታል፣ ምግቡ ከጉሮሮው አይወርድለትም ይባላል። እሱ ግን እንቁላል መጥበስ ድሮም ያውቃል፤ እንቅልፉንም ቢሆን ተገላብጦ ተገላብጦ ያገኘዋል። የቸገረው ቀኑን ሙሉ ሱቁ ውስጥ ያየውን አስቂኝ ነገር ሁሉ እንደ ስንቅ ቋጥሮ ሲመለስ፣ ፈትቶ የሚያቀርብለት ሰው ማጣቱ ነው።

አንድ ቀን የታወቀ ጠበቃ መጥቶ "መነጽሬን ሰርቀውኛል፣ ቶሎ አዲስ ሥራልኝ" ብሎ ጮኸበት። መነጽሩ ግንባሩ ላይ ተሰቅሏል። መነጽር ሠሪው መስታወት አቀረበለትና "ሌባውን ይዘነዋል" አለው። ይህን ይዞ ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገዱን ሙሉ ከንፈሩን እየነከሰ ነበር። ቁልፉን በሩ ላይ ሲያዞር ሳቁ አመለጠው። በሩን ሲከፍተው ኮሪደሩ ጨለማ ነው፣ የሚስቱ ነጠላ ጫማ ግድግዳው ሥር እንደተቀመጠ ነው። ሳቁን እዚያው ዋጠው። እሷ ብትኖር ኖሮ ድስቱን ጥላ ትስቅለት ነበር። የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበረች፤ ትንሽ ሴት፣ ሳቋ ግን ከሰውነቷ የሚበልጥ።

ሠፈርተኛው "ፈላስፋው" ይለዋል። ስሙ የወጣለት ስለማያምን ነው፤ አለማመኑንም በሆዱ ይዞ የሚኖር ሰው አልነበረም። "እንደምን ዋልክ?" ሲሉት "ይመስገን" የምትለው ቃል እንዳታመልጠው ተጠንቅቆ "ቆሜያለሁ" ይላል። አስነጥሶት "ይማርህ" ያሉት እንደሆነ "ምን አጠፋሁና?" ይላቸዋል። ሰዉ ይስቃል፣ እሱም አብሮ ይስቃል።

ከሳቁ ሥር ግን የቆየ ቁስል ነበር። ልጅ ሳለ ታናሽ እህቱ በትኩሳት ሞተችበት። ለቅሶው ላይ ከጸሎት ቤት የመጡ ሦስት ሽማግሌዎች እናቱን ከበው ተቀመጡና "ፈጣሪ ሕፃን በከንቱ አይወስድም፤ ራስሽን መርምሪ" አሏት። ምስኪን እናቱ ዕድሜዋን ሙሉ ራሷን ስትመረምር ኖራ፣ ጥፋቷን ሳታገኘው ሞተች። ከዚያ ወዲህ ቅዱስ መጽሐፍ በብብቱ ሸጉጦ የሚሄድ ሰው ባየ ቁጥር መንገድ ይቀይራል። እነሱ ፊታቸው የጠቆረ፣ ሳቅ የማያውቁ፣ በሰው ሐዘን ላይ ጣታቸውን የሚቀስሩ ሰዎች ናቸው፤ በቃ።

እንግዲህ ሚስቱ ታማ፣ ሕመሟም የማይድን መሆኑ ሲታወቅ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት አንዲት ልብስ ሰፊ ቤት ከሚሰበሰቡ ጸሎተኞች ጋር መዋል ስትጀምር ምን እንደተሰማው መገመት አያስቸግርም። "አልከለክልሽም፣ ሂጂ" አላት። "እነሱ ግን የቤቴን ደፍ እንዳይረግጡ።" እሷም ቃሉን ጠበቀችለት። አልጋ ላይ ከዋለች በኋላ እንኳ አንዳቸውም አልመጡም። በቀብሯ ቀን ብቻ ከሰዉ ራቅ ብለው፣ አጥሩ ሥር ቆመው፣ በዝቅታ ሲያዜሙ አያቸው። ድል አደረግን የሚሉ መሰለው።

ዝናቡ ሲገባ አንዲት ሴት ወደ ሱቁ መጣች። ረጅም ናት፣ ትከሻዋ ጎበጥ ብሏል፣ የቀሚሷ ደረት ላይ ሁለት ስፒል ተሰክቶ ተረስቷል።

"ክሩ መርፌ ውስጥ አልገባ አለኝ" አለች። "ያረጀችው መርፌዋ ትሁን እኔ፣ መርምርልኝ።"

ወዲያው አወቃት። አጥሩ ሥር ከቆሙት አንዷ ናት፤ የሐሙሷ ልብስ ሰፊ። ፊቱን እንዳጨለመ ወንበሩን አሳያት፣ አንድ ዓይኗን ሸፈነላትና በዘንጉ ሰሌዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች መጠቆም ጀመረ።

"ይህ ይታይዎታል?"

"ይታየኛል።"

"ይህስ?"

"እሱ ደብዘዝ ብሏል።"

"ከሥሩ ያለው?"

"እሱስ የለም። ሁሉን የሚያየው ፈጣሪ ብቻ ነው" አለችና፣ የለመደችውን አባባል እንደምትጨርስ ሰው ቀጠለች፣ "ለዚህም ነው አንድ ቀን እንኳ ወደዚህ ሱቅ ብቅ ያላለው።"

የመነጽር ሠሪው ዘንግ አየር ላይ ቀረ። ይህ ቀልድ የእሱ ነው። ሳህን እያጠበ የፈጠረው፣ ደንበኛ እንዳያስቀይምበት ብሎ ከሚስቱ በቀር ለማንም ያልተነፈሰው።

"ይህን ማን ነገረዎት?"

ሴትዮዋ የዓይኗን መሸፈኛ አወረደች። እንደ ማፈርም፣ እንደ መሳቅም አለች። "ሌላ ማን ይነግረኛል፣ ወንድሜ? በመጣች ቁጥር ገና ሳትቀመጥ 'ዛሬስ ምን አለ?' እንላት ነበር። 'ምን አጠፋሁና'ን የነገረችን ቀን ጋሼ ሹፌሩ ሻይ ትን ብሎት ልናጣው ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ አንዳችን ስናስነጥስ 'ይማርህ' የሚል የለም። ሁላችንም እንስቃለን።"

እሱ አልሳቀም። ሌባ ገብቶ መሳቢያውን ሁሉ እንደበረበረበት ሰው ሆነ። "ለሐሙስ ይደርሳል" አለ በደረቁ፣ ቁጥሩን እየጻፈ።

"ሐሙስ እንኳ እንግዶች አሉብኝ፣ መውጣት አልችልም።"

"እንግዲያው አመጣዋለሁ" አለ። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው።

ማታ ቤቱ ተቀምጦ ሊናደድ ሞከረ። ንዴቱ አልያዝ አለው። ሚስቱ እዚያ ስትሄድ አንገቷን ደፍታ ስለ ሲኦል ስትሰማ የምትውል ይመስለው ነበር። ለካ የእሱን ቀልድ በጉያዋ ይዛ ሄዳ ታስቃቸው ኖሯል! ከንዴቱ ይልቅ ቅናት መጣበት፤ የእሱ ሳቅ እሱ በሌለበት ቤት ሲሳቅ ኖሮ፣ እሱ እዚህ ከማቀዝቀዣው ጋር ተፋጦ ይመሻል። "አንቺ ጉደኛ" አለ ወደ ወጥ ቤቱ፣ "ሸጥሽኝ አይደል?" ድምፁ ግድግዳውን መትቶ ተመለሰ። ደነገጠ። ግን የጠበቃውን ቀልድ ያን ጊዜ ነገራት፤ ጮክ ብሎ፣ ከነእጁ እንቅስቃሴ። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነበት።

ሐሙስ መነጽሩን ይዞ ሄደ። ክፍሉ ከአንድ ጫማ ቤት በላይ ነው። የስፌት መኪኖቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተዋል፣ ወለሉ ተጠርጎም ብጣሽ ጨርቅ አላጣም፣ ራስ የሌለው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት አንድ እጅጌ ብቻ ያለው ኮት ለብሶ ጥግ ቆሟል። ካውያው ገና አልቀዘቀዘም። ልብስ ሰፊዋ፣ አንዲት ወጣት አስተማሪና ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል።

የመነጽሩን ዘንጎች ከጆሮዋ ኋላ አስተካከለላት። እሷም መርፌ አንሥታ ክሩን ምራቋን አስነክታ፣ በአንድ ጊዜ አሾለከችው። አጨበጨቡ። እሱም ሳይታወቀው ፈገግ አለ፣ "ተቀመጥ እንጂ" ሲሉትም የወንበሩ ጫፍ ላይ አረፍ አለ።

ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ አየው። "ስማ ወንድሜ፣ እስከ መቼ ትሸሻለህ? ሚስትህን እንደገና ማየት አትፈልግም?"

የመነጽር ሠሪው ጆሮ ጋለ። እናቱን ከበው የተቀመጡት ሦስቱ ሽማግሌዎች ፊቱ ድቅን አሉ። ብድግ አለ። "ይኸው! ዞራችሁ ዞራችሁ መድረሻችሁ ይኸው ነው!"

"ጋሼ፣ ይሄ ፍሬን የሌለው አፍህ!" አለች ልብስ ሰፊዋ።

ሹፌሩ ግን አልተቆጣም። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያሽከረክር ጀመር። "ለክፋት አልነበረም" አለ። "ናፍቃኝ ነው። አያታለሁ ብዬ ካላሰብኩ ሐሙስ ሐሙስ ያን ወንበሯን ማየት አልችልም።" ዓይኑ ውኃ ሞላ፣ ወደ መስኮቱም ዞረ።

መነጽር ሠሪው ወጣ። ልብስ ሰፊዋ እስከ ደረጃው ተከተለችው።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አላት። "እርስዎ" ማለቱ የት እንደቀረ ሁለቱም አላስተዋሉም። "እኔ እንዳምን ትጸልይ ነበር?"

"መጀመሪያ መጀመሪያ። ኋላ ተወችው። 'እሱ ካመነ ቀልዱ ያልቅበታል' አለችን።"

"ታዲያ በኋላ የምትለምነው ምን ነበር?"

ሴትዮዋ የደረጃውን ድጋፍ ያዘች። "ትፈራ ነበር።"

"ምኑን?"

"መሞትን ነዋ። ሌላ ምን ይፈራል?"

"ለእኔ እኮ አንድም ቀን…" አለና ቆመ። አንድ ቀን ብላው ነበር። ሳህን እያጠቡ ነበር፤ እሷ ታጥባለች፣ እሱ ያደርቃል። "ስሞት ግን የት ነው የምሄደው?" አለችው እንደ ዋዛ። እሱም "ከመወለድሽ በፊት የነበርሽበት ነዋ! ያኔ ስታማርሪ አልሰማሁሽም" አላት። ሳቀች። መልሱ እንዴት ደስ ብሎት ነበር! አሁን ሲያስበው ግን ሳቋ አጭር ነበር፤ የታጠበውን ሳህን እንደያዘች፣ ሳታቀብለው፣ ትንሽ ቆማለች።

"እናንተስ ምን አላችኋት?"

"እኔ? 'እኔም እፈራለሁ' አልኳት።"

"ይህን ብቻ?"

"ይህን ብቻ። አብረን ፈራን።"

ወደ ቤቱ በእግሩ ሄደ። ለሁሉም ነገር መልስ አለን ባዮች እያለ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠላቸው ኖሮ፣ ያን ቀን እዚያ ማጠቢያው አጠገብ የተዘጋጀ መልስ ይዞ የቆመው ራሱ ነበር። የእናቱን ልብ የሰበሩትን ሰዎች ይቅር አላለም፤ እስከ ዛሬም አላለም። ግን እነዚያ እነዚያ ናቸው፣ እነዚህ ደግሞ እነዚህ። በእነዚያ ዕዳ እነዚህን ሲያስከፍል ኖሯል።

በሚቀጥለው ሐሙስ "የመነጽሩን ብሎን ልይ" ብሎ ሄደ። በሌላውም ሐሙስ ሌላ ሰበብ አገኘ። ኋላ ሰበቡንም ተወው። ሲጸልዩ ወደ ደረጃው ይወጣል፣ ሲጨርሱ ይገባል፣ ከሹፌሩም ጋር እስኪመሽ ይከራከራሉ። "አንተ እኮ ፈጣሪ ቢገለጥልህ እንኳ የዓይን ምርመራ ላድርግልህ ትለዋለህ" ይለዋል ሹፌሩ። ማንም ማንን አላሳመነም። ቤቱም ያው እንደነበረ ነው፤ በሩን ሲከፍት የሚቀበለው ያው ጨለማ፣ የሚነግራት እሱ፣ የማትመልሰው እሷ።

ደስ የሚል ነገር ደግሞ አይበረክትም። ሹፌሩ ጉልበቱ ሲደክም ልጁ ወደ ሌላ ከተማ ወሰደው። አስተማሪዋ ተዛወረች። ዝናብ የበረታበት አንድ ሐሙስ መነጽር ሠሪው ሲደርስ ልብስ ሰፊዋ ብቻዋን፣ ከባዶ ወንበሮች መካከል ተቀምጣ አገኛት።

"ዛሬ ማንም የሚመጣ አይመስለኝም" አለች። "እስቲ ደረጃው ላይ ቆየኝ፣ አሳጥረዋለሁ።"

"ደረጃው ይበርዳል። ጸልዪ፣ እኔ እዚሁ ነኝ።"

ትንሽ አየችው። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ዓይኗን ጨፍና በዝቅታ መናገር ጀመረች። እሱ አልጨፈነም። ስለ ሹፌሩ ጉልበት ተናገረች፣ ስለ አስተማሪዋ አዲስ ቤት፣ ቀና አልል ስላላት ወገቧ። መሐል መሐል ላይ ዝም ትላለች፤ ስልክ ይዞ የወዲያኛውን ሰው መልስ እንደሚጠብቅ። ከዚያ ትቀጥላለች። መነጽር ሠሪው ያን ዝምታ አወቀው። እሱ ራሱ ማታ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቀልዱን ከጨረሰ በኋላ ለሚስቱ ሳቅ የሚተወው ክፍተት ነው።

ስትጨርስ "እኔም ማታ ማታ ከማይመልስ ሰው ጋር አወራለሁ" አላት።

ማን እንደሆነ አልጠየቀችውም። "አንተ ይሻልሃል" አለች መነጽሯን እየጠረገች። "ያንተዋ ምን ብላ እንደምትመልስልህ ቢያንስ ታውቃለህ።"

ሳቀ። ከሆዱ ሳቀ፣ ዓይኑ እስኪያነባ። እሷም አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። የስፌት መኪኖቹን አብረው አለበሱ፣ ካውያውን ነቀለ፣ እሷ መብራቱን አጠፋች።

በአንድ ጃንጥላ እስከ መንታው መንገድ ሄዱ። "ለሳምንት" አላት። "ለሳምንት፣ ከኖርን" አለችው። ጃንጥላው የእሷ ስለነበር ይዛው ሄደች። እሱ ኮቱን ራሱ ላይ ጣል አድርጎ፣ የግድግዳውን ጥግ ጥጉን ይዞ ወደ ቤቱ አቀና።