የዳዊ ቱታ

«ልቀቂው እማዬ! ልቀቂው ነው የምልሽ!»

አያንቱ እጇን ፌስታል አልብሳ፣ ትናንት የተቀበረውን የወንድሟን የሥራ ቱታ በአንድ እጅጌው ትጎትታለች። እናቷ ወይዘሮ በላይነሽ ደግሞ ቱታውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው፣ ፊታቸውን ቀብረውበት፣ «ዳዊዬ! ሽታህ እንኳ አልለቀቀም!» እያሉ ያለቅሳሉ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው።

«ምን ነካሽ አንቺ ልጅ!» አለች አክስቷ ኮከብ። «የሟች ልብስ ታቅፎ ማልቀስ ወግ ነው። እህቴ ይውጣላት እንጂ!»

«እትዬ ኮከብ፣ ይሄ የዳዊ ሽታ አይደለም። የሽንኩርቱ መድኃኒት ነው።»

መድኃኒት ይሉታል ደግሞ! ዳዊ መቂ ከተማ፣ በአቶ ፈቃዱ እርሻ ላይ ሲረጨው የኖረ መርዝ ነው። አያንቱ አዳማ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ያንኑ መርዝ በኮምፒውተር ታጠናለች። የሰው ሴል ስስ የቅባት ሽፋን አለው። እሷ ሽፋኑን ኮምፒውተር ላይ ሠርታ፣ የመርዙን ሞለኪውል ከውጭ አስቀምጣ፣ ምን ያህል ቶሎ ዘልቆ እንደሚገባ ትገምታለች። ዳዊ አንድ ቀን ሊጠይቃት መጥቶ ስክሪኑን አየና ሳቀባት።

«ጌም ነው አይደል? ይቺ ነጥብ አሁን ገባች?»

«ገባች። ጨው ቢሆን ሽፋኑ ይመልሰው ነበር። ይሄ ቅባት ስለሚወድ ሰተት ብሎ ነው የሚገባው። ጓንት አድርግ፣ በናትህ።»

«ጓንት ማን ሰጠኝና? ጋሽ ፈቃዱ ከቆዳ አያልፍም ብለውናል። አይዞሽ።»

ውጤቱን ይዛ ራሷ አቶ ፈቃዱ ዘንድ ሄደች። ሰውዬው የሚጫነውን ቲማቲም እያዩ ሰሟትና «የኔ ልጅ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ሽንኩርት ይበቅላል እንዴ?» አሏት። አጠገባቸው የቆሙት ደላሎች ሁሉ ሳቁ። ባለፈው ሐሙስ ዳዊ መርጫውን እንዳዘለ እርሻው መሃል ወደቀ፤ በዚያው ቀረ።

እኚሁ ሰውዬ አሁን ሁለት እሽግ ውሃ ይዘው መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል። ደግነታቸው! አጠገባቸው ላሉት ሽማግሌ ሹክ ሲሉ አያንቱ ሰማቻቸው፦

«ምን ይደረግ፣ ልጁ መጠጥ አብዝቶ ነው አሉ።»

ዳዊ! ጠላ እንኳ ቀምሶ የማያውቀው ዳዊ! ቱታውን ከእናቷ እጅ መንጭቃ ቀጥ ብላ ሄደችና ፊታቸው ዘረጋችው።

«እስቲ እርስዎም ታቅፈውት ያልቅሱ፣ ጋሽ ፈቃዱ። ከቆዳ አያልፍም አላሉም?»

አቶ ፈቃዱ ከነወንበራቸው ወደ ኋላ ሸሹ። ሁለቱንም እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ።

«ኧረ አርቂልኝ! ሳይታጠብማ አይነካም!»

ሽማግሌው ተነስተው ሌላ ወንበር ፈለጉ።

«ታውቅ ነበር!» አለች ኮከብ፣ አንቱታውን ትታ። «አንተ ሰውዬ፣ ታውቅ ነበር!»

አቶ ፈቃዱ ጫማቸውን እያዩ ወጡ። ማንም አልሸኛቸውም።

አያንቱ ቱታውን ፌስታል ውስጥ ቋጥራ ከደጅ አስቀመጠች። ሳሙናና ውሃ አምጥታ እናቷ እግር ሥር ተንበረከከች። መጀመሪያ ፊታቸውን፣ ቀጥላ እጃቸውን ጣት በጣት ታጥባቸው ጀመር።

«ልጄ፣» አሉ ወይዘሮ በላይነሽ እጃቸውን ሊያሸሹ እየሞከሩ፣ «ሽታውን አታጥፊብኝ።»

አያንቱ እጃቸውን አጥብቃ ይዛ ሳሙናውን እንደገና አነሳች።