ቀይ ከሆነ ንገረኝ

ኮምፒውተሬ ሲፈልግ ይግላል፣ ሲፈልግ እንደ ጨዋ ልጅ አደብ ገዝቶ ይቀመጣል። ሁልጊዜ ቢግል እኮ ግልግል ነበር፤ የተበላሸውን ዕቃ ቀይሮ መገላገል ነው። የእኔው ጉደኛ ግን ጨዋታው እስኪጦፍ ጠብቆ ድርግም! ባለፈው የኮምፒውተር ጨዋታ ውድድር ማጣሪያ ላይ እንዲህ ጉድ ሠርቶኝ የቡድናችን አለቃ፣ "ቅዳሜ ደግሞ ከጠፋብሽ ተጠባባቂዋ በቦታሽ ትገባለች፤ በዚያው ትቀጥላለች" ብላኛለች። ቀልድ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። እዚህ ቡድን ለመግባት ደግሞ ፍዳዬን ነው ያየሁት።

ያልሞከርኩት የለም። አቧራውን ጠረግሁ፣ ማራገቢያዎቹን ፈትቼ ገጠምኩ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚደረገውን ቅባት ቀየርኩ። ማሽኑ የሚቀዘቅዘው እንደ መኪና በፈሳሽ ነው፤ ፓምፑ ይገፋዋል፣ በቱቦ ዞሮ ራዲያተሩ ላይ ይበርዳል። ቱቦውን ዳር እስከ ዳር በጣቴ ዳበስኩት፤ ጠብታ የለም። ሲጨንቀኝ ሰፈሩ "ሐኪሙ" የሚለው የኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። እሱ ጋ በከረመበት ጊዜ ሁሉ ያለ እንከን ሠራ። "እህቴ፣ ይኼ ማሽን ከእኔ የተሻለ ጤነኛ ነው" ብሎ ሳቀብኝ። ቤት በመለስኩት ማግስት ጋለ። ደሜ ፈላ። እንቅልፍ አጣሁ፣ ምግብ አስጠላኝ፣ ሰው "ደህና ነሽ?" ሲለኝ እንኳ መቆጣት ጀመርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ታጥቤ ወደ ክፍሌ ስመለስ አባቴን ማሽኑ ፊት በርከክ ብሎ አገኘሁት። የማሽኑ የጎን መስታወት ተነቅሎ ግድግዳ ተደግፏል። አባቴ በአንድ እጁ የፈሳሹን ማጠራቀሚያ ክዳን፣ በሌላው የቧንቧ ውሃ የሞላ ጆግ ይዟል። ክው አልኩ።

"አባዬ! ምን እያደረግህ ነው?"

"ውሃዋን እያየሁልሽ ነዋ።" ዞርም አላለ። "አንቺ ልጅ፣ ውሃ ሳታዪ ነው እንዴ የምታስነሺው?"

አባቴ ዕድሜ ልኩን የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ዓይኑ ሲደክም መንዳት ተወ፣ መኪናዋም ተሸጠች። ጠዋት ተነስቶ ውሃና ዘይት ማየት ግን አልለቀቀውም። ለካ የሚያየው መኪና ሲያጣ ወደ እኔ ማሽን ዞሯል! ውሃውን ከላይ ባንቆረቆረ ቁጥር አረፋ ይገባል፤ አረፋው በቱቦው ሲንሸራሸር ቆይቶ ፓምፑ ውስጥ ሲሰነቀር ፈሳሹ መዞሩን ያቆማል። ሐኪሙ ጋ ያልጋለው፣ አባቴ እዚያ ስለሌለ ነው።

ልጮህበት አፌን ከፍቼ ነበር። "በየጠዋቱ ነው የማያት፤ አንቺ መች ልብ ብለሽ" ሲለኝ ግን ፊቱ በኩራት ብርት ብሎ አየሁት። ጆጉን ብቻ ተቀበልኩት።

ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። "የቧንቧ ውሃ? በስመአብ!" አለና ሳቁ እስኪበርድለት ጠበቅሁት። "በይ አፍስሺውና ትክክለኛውን ፈሳሽ ሙዪበት። ትንንሾቹ አረፋዎች ግን ቶሎ አይወጡም። ዛሬን ይዝለቅልሽ አይዝለቅልሽ እንጃ፤ ሙቀቱን የሚያይልሽ ሰው አጠገብሽ አስቀምጪ።"

እንዳለኝ ፈሳሹን ቀየርኩ። ማንን ላስቀምጥ? ቤት ውስጥ ከአባቴ በቀር ማን አለ! ቁጥር አይታየውም፤ ስለዚህ የማሽኑን መብራት አስተካከልኩለት። በደህናው ጊዜ ሰማያዊ ይበራል፣ ሲግል ይቀላል።

"አባዬ፣ ዛሬ ረዳቴ አንተ ነህ። ቀይ ከሆነ ንገረኝ። የአፍታ ዕረፍት እጠይቅና ይበርዳል።"

"በስተርጅና ረዳት አደረግሽኝ?" ብሎ ሳቀ። ግን ሸሚዙን ቀይሮ መጣ፤ ወንበሩን ማሽኑ ጎን አስጠግቶ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

ጨዋታው ከሰዓት በኋላ ተጀመረ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፋሁ። በየመሃሉ በዓይኔ ጠርዝ ሰረቅ አድርጌ አያለሁ፤ ሰማያዊ። አባቴ ዓይኑን እንኳ አያርገበግብም። እኩል ለእኩል ሆነን የመጨረሻው ዙር ላይ ደረስን። ከእኛ እኔ፣ ከእነሱም አንድ ሰው ብቻ ቀረን። ከኋላው መጣሁበት። አለቃችን ጆሮዬ ላይ "ቀስ! ቀስ በይ!" ትላለች። ማሽን የለ፣ መብራት የለ፣ አባት የለ፤ ያ ሰውዬ ብቻ። አነጣጠርኩ።

ድርግም።

ማዳመጫውን ወርውሬ ዞርኩ። የአባቴ አውራ ጣት ማጥፊያው ላይ ነው።

"ቀላች" አለኝ። "ነገርኩሽ እኮ። ልጄ፣ ልጄ ብዬ ጠራሁሽ፣ አልሰማሽም። ትከሻሽን ብይዝሽ ገፈተርሽኝ። ሞተር ሲግል ጥግ ይዞ ማጥፋት ነው፤ ሌላ መላ የለውም።"

መግፈተሬን አላስታውስም። ምላሴ ላይ የመጣውን ቢሰማ ኖሮ ዕድሜ ልኩን ክፍሌን አይረግጥም ነበር። እጁን አየሁት፤ ማሽኑን እንደ በግ ጀርባ ያሻሻል።

"ደረስኩላት፣ አይደል?"

"ደርሰህላታል፣ አባዬ።"

ስልኬ ጮኸ። አለቃችን ናት።

"ጓደኞችሽ ናቸው?" አለ አባቴ። "አንሺው እንጂ። በሰላም ቆመናል በያቸው፣ እንዳያስቡ።"

አነሳሁት። "ተሸንፈናል። ከአሁን በኋላ በቦታሽ ተጠባባቂዋ ናት" አለችኝ፣ ሰላምታም የለ። አባቴ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

"አዎ" አልኳት፣ እሱ እንዲሰማ ጮክ ብዬ። "በሰላም ቆመናል።"