እስክትቆም ድረስ

«ካፒቴኑ ፊት ታጭበረብራለህ? እፈር እንጂ!» አለ መካኒኩ ኢስኮ፣ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ እየወረወረ። ተጫዋቾቹ ሳቁ። በፊሊፒንሷ ቡላካን ለቅሶ ቤት ሳቅ ነውር አይደለም፤ ሟች ብቻውን እንዳይቀር ሰው ሲጫወት ይውላል።

ማይሊን አልሳቀችም። የዝንጅብል ሻይዋ እጇ ላይ ቀዝቅዟል። መስታወት ከተገጠመለት የሬሳ ሳጥን ውስጥ የበረራ አስተማሪዋ ካፒቴን ኮንራዶ ተኝተዋል። ቀርባ አላየቻቸውም። በምን ዓይኗ!

«አውሮፕላኗን ስታበር የነበረችው እሷ ናት አሉ» አለች ከኋላዋ አንዲት ሴት።

«ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች።»

ዓይኗን ስትከድን ሁሉም ይርቃል። የሩዝ ማሳው ከሥር በዝግታ ይንሳፈፋል። ከኋላ ወንበር የካፒቴኑ ድምፅ ይመጣል፦ «ይቺ ሦስተኛ ጎማዋ ጭራዋ ላይ የሆነ አሮጊት አውሮፕላን ተንኮለኛ ናት። መሬት ነካሁ ብለሽ እንዳትዘናጊ! እስክትቆም ድረስ እግርሽ ፔዳሉ ላይ ሥራ አይፍታ።»

ያን ቀን ጎማዎቹ ሣሩን በለስላሳው ነኩ። «አዩልኝ ካፒቴን?» ብላ በደስታ ጮኸች፤ እግሮቿ ጭራውን በሚያዞረው ፔዳል ላይ ላሉ። ነፋስ ከጎን መጥቶ ጭራውን ገፋው። አውሮፕላኗ ዞረች፣ ዞረች፣ ከማረፊያው ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ተገለበጠች። ማይሊን ተቧጭራ ወጣች፤ እሳቸው አልወጡም።

ልሂድ አለች በሆዷ። መሄዱም ጭንቅ ነው። ሐዘንተኛ እንግዳ አይሸኝም፤ ሌላ ሞት ይጠራል ይባላል። ታዲያ የካፒቴኑ ሚስት እማማ ኦርቴንሲያ ሊሸኟት ከመቀመጫቸው ባይነሱ፣ ለልማዱ ይሁን በቂም በምን ታውቃለች? ይህን ሳታውቅ ዕድሜዋን ሙሉ ልትኖር ነው።

ቀና ስትል እማማ ኦርቴንሲያ አጠገቧ ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ እኔ ነኝ... እግሬን...»

«አውቃለሁ። አልተቀየምኩሽም ብዬ አልዋሽሽም።»

ሴትየዋ ወለሉን ያያሉ። የማይሊን እግሮች፣ ራሷ ሳታውቀው፣ ሲሚንቶውን ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ይረግጣሉ።

«እሱም እንዲሁ ነበር። ተኝቶ እንኳ አውሮፕላን ያሳርፋል፤ ስንት ጊዜ ረግጦኛል መሰለሽ!»

ነጠላ ጫማቸውን አወለቁ። ባዶ እግሮቻቸውን በማይሊን እግሮች ላይ አድርገው ቀስ ብለው ተጫኑ።

«ቆማለች፣ ልጄ። በቃ፣ ቆማለች።»

ካርታው አልቆ ሰው እስኪበተን ድረስ እግራቸውን አላነሱም።