ሦስት ጊዜ የተሰረዘው መስመር

ሥራነሽ ለእህቷ ለፀደንያ ሠርግ ስለ ባልና ሚስት ኑሮ የጻፈችውን ግጥም ለባሏ ያሳየችው፣ ወደ ሉማሜ ለመሄድ ሲሰናዱ ነው። አለበል ደብረ ማርቆስ ቅኔ ያስተምራል፤ አንድ ቃል የደገመ ተማሪ አያልፈውም። ወረቀቱን ተቀብሎ እንደቆመ አነበበና፣ በየሁለት ስንኙ እየተመለሰ የሚመጣውን መስመር ሦስቱም ቦታ ላይ ሰረዘው።

“ልኩ ደርሷል፤ ቤቱም መትቷል” አላት። “መደጋገሙ ግን ድህነት ነው። የመሪጌታ ሚስት ቃል አጠራት ይሉሻል።”

“የኔታ፣ የሠርግ እኮ ነው።”

“ቢሆንስ?”

ሥራነሽ በሰው ፊት ቆማ ተናግራ አታውቅም። ባሏን ማሳፈርም አልፈለገች። ግን መስመሩ ከግጥሙ ሲወጣ የሚያስቀው ነገርም አብሮ ወጣ።

የሠርጉ ዕለት ሉማሜ፣ ዳሱ ውስጥ የሙሽራው አባት አቶ ፈንታ ከበሮውን አስቆሙ። “እስኪ የየኔታ ሚስት፣ ምን ይዘሽልን መጣሽ?”

ተነሣች። ወረቀቱን ዘረጋችው።

“ጋቢው ትከሻው ላይ፣ ቤት ምድሩን ሲያስስ፤
ቁልፉ በኪሱ ውስጥ፣ ደጁን ሲመላለስ፤”

አለችና ቆመች። ሰው አንገቱን አስግጎ ጠበቀ። ቀጣዩ መስመር ከስርዙ ሥር ይታያታል። አለበልን አየችው፤ ራሱን ወዘወዘ፤ ተይው ማለቱ ነው። ወረቀቱን አጠፈችው።

“አፉ አንድ ቃል ያውቃል፣ እስኪ ፈልጊልኝ።”

ሴቶቹ ከት ብለው ሳቁ። አንዷ ባሏን በክርኗ ጎሸመችው። ሥራነሽ ድምፅዋ መለስ አለላት።

“በሬውን ጠማምዶ፣ ጅራፉን ሲጠይቅ፤
ከክንዱ ላይ ሰቅሎ፣ ሰፈር ሲያስጨንቅ፤”

አፏን ሳትከፍት ዳሱ ሁሉ ተቀበላት፦ “አፉ አንድ ቃል ያውቃል፣ እስኪ ፈልጊልኝ!” የዘፈን አዝማች ተቀብሎ ያደገ ሰው፣ መያዣውን ካገኘ ማን ያስጥለዋል? ከበሮ መቺውም ልኩን ይዞ ገባ። በሦስተኛው ዙር አቶ ፈንታ ራሳቸው ከወንበራቸው ተነሥተው እስክስታ ወረዱ።

“ድገሚው! ከመነሻው!” አሉ ሴቶቹ።

አለበል አጠገቡ ወደተቀመጡት ቄስ ዘንበል አለ። “ስንት ዓመት ቅኔ ስዘርፍ፣” አላቸው፣ “እንዲህ ስንኝ ከአፌ የነጠቀኝ ሰው የለም። ስሕተቱ የኔ ነው። ጉባኤ ቤት የገባሁ መስሎኝ ነው ያረምኩት።”

ሥራነሽ ሰማችው። ዳሱ ጸጥ እስኪል አልጠበቀችም፤ ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ፣ ድምፅዋን ከከበሮው በላይ አንሥታ ጀመረች።