ማርሽ ወይስ ዳማ

“ፍሬን!” አሉ ሽማግሌው አልጋቸው ጫፍ ላይ እንደተቀመጡ። ውሻው ዳማ አንድ እግሩን አንስቶ ሳያሳርፍ ባለበት ቀጥ አለ።

ማሰሪያውን ይዛ የገባችው ልብስ ሰፊ በላዩ ላይ ልትወድቅበት ምንም አልቀራት። ይህን ውሻ “ና” እና “ቁጭ በል” ከማለት ያለፈ ያስተማረችው ነገር የለም። “ፍሬን” የሚባል ቃልማ በቤቷ ተነስቶ አያውቅም። ያላት መኪና የስፌት መኪና ብቻ ነው።

“አየሽው?” ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። “አልረሳኝም! ማርሽ ነው እኮ። ልጄ፣ የት አገኘሽልኝ?”

“ኧረ ጋሼ፣ ይሄ ዳማ ነው የሚባለው።”

“ዳማ ያላችሁት እናንተ! ማርሽ፣ ና እስቲ ወዲህ።”

ውሻው የልብስ ሰፊዋን ፊት አንድ ጊዜ ገልመጥ አድርጎ አየና ሄዶ አገጩን ጉልበታቸው ላይ ጣል አደረገ። ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ጆሮዎቹን ይዘው፣ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ብዙ ነገር ነገሩት።

ልብስ ሰፊዋ ማክሰኞ ከሰዓት ሱቋን እየዘጋች ወደዚህ የአረጋውያን መኖሪያ መምጣት ከጀመረች ሰንብታለች። እዚህ ነገር ውስጥ የከተታት የሰፈሯ የእንስሳት ሐኪም ነው። ዳማን ሲከትበው፣ “መርፌ እየወጋሁት እጄን የሚልስ ውሻ አይቼ አላውቅም፤ ይሄማ ለሰው መድኃኒት ነው” አለና ገራም ውሻና ድመት ይዘው በሽተኛና አረጋዊ ከሚጠይቁ በጎ ፈቃደኞች ጋር አገናኛት። ወንድሟ ይህን ሲሰማ በሳቅ ነበር የሞተው። “ሰው ቁልፍ በነጻ ትከዪልኝ ሲልሽ ፊትሽን ታጠቁሪያለሽ፤ ውሻ በነጻ ስታዞሪ ግን ደስ ይልሻል!”

እስከ ዛሬ የምትመጣው ምድር ቤት ወዳለው አዳራሽ ነበር። ወደ ሽማግሌው ክፍል ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው። ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ መኪና መንዳት ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው። ተማሪዎቻቸው ያወጡላቸው “ጋሽ ፍሬን” የሚል ስም እዚህም ድረስ ተከትሏቸው መጥቷል። አእምሯቸው ግን ሽቦው እንደላላ አምፖል አንዴ ይበራል፣ አንዴ ይጠፋል።

ስትወጣ ነርሷ ኮሪደሩ ላይ አገኘቻት። “እትዬ፣ እኚህ ሰውዬ ይሄን ያህል ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ምን አደረጓቸው?”

“እኔማ ምንም። ሲስተር፣ ውሻ ነበራቸው እንዴ?”

“እኔ እንጃ፣ ልጃቸው ናት የምታውቀው። ብቻ እባክዎን፣ የእርስዎ ነው ብለው እሺ እንዳይሏቸው። እርስዎ ይሄዳሉ፤ ‘ውሻዬ የት ገባ’ የሚባለው እኛን ነው።”

ልብስ ሰፊዋ ገና ከግቢው ሳትወጣ ዳማን ወዳመጣላት ወንድሟ ደወለች።

“ስማ፣ ዳማን ከየት ነበር ያመጣኸው?”

“ከመሥሪያ ቤት። ዘበኛው ሰጠኝ።”

“ያን ጊዜ ከመንገድ አነሳሁት አላልከኝም?”

“ዘበኛው ከመንገድ ነዋ ያነሳው! ምን ነካሽ?”

“ስታመጣው ትንሽ ነበር ወይስ ያደገ?”

“መካከለኛ” አለ ወንድሟ። “አንቺ ሴትዮ፣ ውሻ የልደት ካርድ የለውም እኮ።”

እቤቷ ገብታ ዳማ ጥጉን ይዞ ሲተኛ ከሩቅ አየችው። “ማርሽ” ብላ ቀስ ብላ ጠራች። ጆሮው ቀጥ አለ። ልቧ ድንግጥ አለባት። “ዳማ።” ጆሮው ቀጥ አለ። “ድስት” አለችው ደግሞ። ጆሮው ያው ቀጥ አለ፤ ጅራቱም ተጨመረበት። ሳቋ መጣ፤ ግን የሚያስቅም አልሆነላት። የሰው ውሻ ይዛ ከሆነስ? ትመልስ ቢባል ለማን ነው የምትመልሰው? አረጋውያኑ ክፍላቸው ውስጥ ውሻ ማሳደር አይፈቀድላቸውም። አልመልስም ብትል ደግሞ ባለቤቱ እዚያ አልጋ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ የሽማግሌው ልጅ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ነጭ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ ነበር የመጣችው።

“ባለ ውሻዋ እርስዎ ነዎት?” አለች፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ማርሽ ሞቷል” አለች።

“እንዴት?”

“አባዬን እዚህ ካስገባነው በኋላ እህል አልቀምስ አለ። አርጅቶም ነበር፤ ኩላሊቱ ደከመ። በመጨረሻ ሐኪም ጠርቼ በመርፌ እንዲያርፍ አደረግኩ። ለአባዬ ግን ሰፊ ግቢ ላላቸው ደግ ሰዎች ሰጠሁት አልኩት። ምን ልበለው? ከዚያ ወዲህ በመጣሁ ቁጥር፣ ‘ለማን ሰጠሽብኝ?’ እያለ ፊቱን ያዞርብኛል። ባለፈው ማክሰኞ ማታ ነርሷ በስልክ አገናኘችን። ‘ጎበዝ ልጅ፣ በጥሩ ሰው እጅ ነው ያኖርሽው’ አለኝ።” የልብስ ሰፊዋን ክንድ ያዘች። “እባክዎ፣ አዎ ይበሉት። ምን ይጎዳል?”

ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ የተሰማት እፎይታ ነበር፤ ዳማ የእሷ ነው። ሰው ፊቷ ቆሞ ሐዘኑን ሲነግራት በውሻዋ መደሰቷ ወዲያው አሳፈራት።

“ታዲያ ‘ፍሬን’ ሲሉት ለምን ቆመ?”

“አባዬ እንደዚያ ብሎ ሲጮህ እኔም እቆማለሁ” አለች ልጅቷ።

ነርሷ እሺ አይበሉ አለች፤ ልጅቷ አዎ ይበሉ አለች። ልብስ ሰፊዋ የትኛውን እንደምትሰማ ሳታውቅ ገባች። ሽማግሌው ጺማቸው ተላጭቶ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ዛሬ “ማርሽ” ብለው አልጠሩም። ውሻውን እጃቸው ላይ አስጠግተው ግራ ጆሮውን ገለበጡ፣ ዳበሱ።

“የማርሽ ጆሮ ተቀድዶ ነበር” አሉ። “የመኪና በር ዘግቼበት።”

ቀና ብለው ልብስ ሰፊዋን አዩ።

“ልጄ፣ እዚህ ቤት ሰው ሁሉ እሺ ይለኛል። ዘነበ ብል እሺ፤ ፀሐይ ወጣ ብል እሺ። እንደ ሕፃን! አንቺ እንኳ እሺ አትበይኝ። ይሄ የኔ ውሻ ነው?”

ልጅቷ ከበሩ ላይ ሆና ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች፤ አይንገሩት ማለቷ ነው። ልብስ ሰፊዋ አየቻት፤ ሽማግሌውንም አየች። እነዚህን ዓይኖች ፊት ለፊት እያየች መዋሸት አቃታት።

“አይደለም፣ ጋሼ። የኔ ነው።”

“የኔውስ?”

ይህ የእሷ መልስ አልነበረም። ወደ በሩ ዞረች። ሽማግሌውም አብረው ዞሩ።

“ሞቷል፣ አባዬ” አለች ልጅቷ።

ሽማግሌው የዳማን ጆሮ ለቀቁ። “ማን አስታመመው?” አሉ በመጨረሻ።

“እኔ።”

“ብቻሽን?”

“ብቻዬን።”

“ብትጠሪኝ እመጣ ነበር እኮ” አሉና ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዳማ ማንን እንደሚያጽናና ግራ ገብቶት ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ አባት ተመላለሰ።

ልጅቷ ልብስ ሰፊዋን እስከ ግቢው በር ሸኘቻት። አላመሰገነቻትም፤ አልተቆጣቻትምም።

“ደስ አለዎት?” አለቻት ብቻ።

ያን ሳምንት እጇ ሥራ አልያዘላት አለ። የአንድ ደንበኛ ኮት ቀኝ እጅጌ በግራ ሰፍታ አደረች፤ ፈታችው፤ ስትደግመው ግራውን በቀኝ አገኘችው። ጥሩ ሠራሁ ስትል የሽማግሌው ትከሻ ፊቷ ላይ ይመጣል፤ በደልኳቸው ስትል ደግሞ “አንቺ እንኳ” ያሉት ይሰማታል። ለወንድሟ ብታዋየው፣ “እውነት ተናግረሽ ምን ያስጨንቅሻል?” አላት።

“እውነት መሆኑ እኮ አይደለም የጨነቀኝ” አለችና ስልኩን ዘጋች።

ማክሰኞ ዕለት ሱቋን ለመዝጋት ሁለት ጊዜ ተነስታ ሁለት ጊዜ ተቀመጠች። በመጨረሻ ያስነሳት በሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ዳማ ነው።

ነርሷ ደረጃው ላይ አገኘቻት። “እንኳን መጡ። አሁን ደህና ናቸው።”

“አዘኑ አይደል?”

“አምሽተው አለቀሱ። በማግስቱ ጠዋት ግን፣ ‘ሲስተር፣ ዓይኔን ምን አሳበጠው?’ ብለው ጠየቁኝ። ምንም አያስታውሱም።”

ልብስ ሰፊዋ የደረጃውን መደገፊያ ያዘች። ከዚህ ይልቅ ቢቆጧት፣ ቢያባርሯት ይሻላት ነበር።

ክፍሉ ውስጥ ልጅቷ ከአባቷ አጠገብ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች። በሩ ሲከፈት ቀና አላለችም። ሽማግሌው ግን ውሻውን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ ከወንበራቸው ሊነሱም ሞከሩ።

“ማርሽ! አንተ ሌባ፣ የት ጠፋህ?” ጆሮውን አልገለበጡም፤ አንገቱን አቀፉት። “ልጄ፣ የኔ ማርሽ ነው አይደል?”

የልጅቷ ቢላዋ ቆመ። ልብስ ሰፊዋን አየቻት። እንደ ባለፈው አልለመነቻትም፤ ጭንቅላቷንም አልነቀነቀችም። እሷም እንደ ልብስ ሰፊዋ መንገዱ እንደጠፋባት ያስታውቃል። አዎ ቢባሉ ውሸት ነው። አይደለም ቢባሉ በየማክሰኞው አንድ ውሻ ሊቀብሩ ነው።

ልብስ ሰፊዋ የዳማን ማሰሪያ ለቀቀችው። ጥግ ላይ ያለውን ወንበር ስባ ከሽማግሌው ፊት ለፊት ተቀመጠችና፣

“ጋሼ፣” አለች፤ “ማርሽ መጀመሪያ እርስዎ ዘንድ የመጣ ቀን እንዴት ነበር? እስቲ ይንገሩኝ።”

“የመጣ ቀን?” ሽማግሌው ሳቅ አሉ። “አይ፣ እሱስ የመጣው ለእኔ አልነበረም። የመጣው ለእሷ ነው” ብለው ወደ ልጃቸው ጠቆሙ።

ልጅቷ ቢላዋውን ከብርቱካኑ ልጣጭ አጠገብ አስቀመጠች።

“ቀጥል፣ አባዬ” አለች።