ገርጥተው መቅረት የነበረባቸው

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ተመራቂዋ ተማሪ የዩኒቨርሲቲው የሙከራ ማሳ ዳር ስትደርስ በቆሎዋ ከዳር እስከ ዳር ለምልሞ ጠበቃት። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ባለው፤ እሷ ግን ቆማ መደቦቿን አንድ በአንድ መቁጠር ጀመረች።

ከመደቦቿ አራቱ ማዳበሪያ ያልቀመሱ ነበሩ። ማዳበሪያ ለሌሎቹ የጨመረላቸው ምርት የሚለካው ከእነርሱ ጋር ተነጻጽሮ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ለፈተና ብላ ከማሳው ስትርቅ ገርጥተው፣ ቀጭጨው ነበር። አሁን ከጎረቤቶቻቸው አይለዩም።

የእርሻው ኃላፊ አጥር ሲያቃኑ አገኘቻቸው። ገና ሳትጠይቃቸው በኩራት ጀመሩ።

"አየሽልኝ ልጄ? ዛሬ እንግዶች ይመጣሉ ሲባል፣ ያንቺ በቆሎ መሀል መሀሉን ቆረቆር የበላው ራስ መስሏል። እንዳታፍሪብን ብዬ ዩሪያ ጣል አደረግሁለት።"

"ጋሼ፣ እነዚያ እኮ ሆን ተብለው የተራቡ ናቸው።"

"ሆን ብሎ ማስራብ ነው የሚያስተምሯችሁ?"

ጽድቁ ቀርቶ በወጉ በኮነነኝ ማለት ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። በክፋት አድርገውት ቢሆን ትጣላቸው ነበር። ለማስረዳት ሞከረች፤ እሳቸውም ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሟትና፣ ለምስጋናው እንዳትቸገር ነግረው ወደ አጥራቸው ተመለሱ።

አራት ዓመት ሙሉ ትራክተርን በሰሌዳ፣ ላምን በስላይድ ተምራለች። የአፈር ላቦራቶሪው ኬሚካል "እየመጣ ነው" እንደተባለ አለ። በገዛ እጇ የጨበጠችው እውቀት ይህ ማሳ ብቻ ነበር፤ የመመረቂያ ጽሑፏም የቆመው በእሱ ላይ ነው።

አማካሪ መምህሯ ቢሮው ውስጥ ክራቫቱን ሲያስር ደረሰች። ነገሩን ስትነግረው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያም በሩን ገፋ አድርጎ መፍትሔውን ነገራት፦ አምና በዚያው ማሳ ላይ የሠራ ልጅ አለ፤ የሱን ቁጥር ወስዳ ትንሽ ከፍ ዝቅ ታድርገው። ያላደረገው የለም።

"ያልለካሁትን እንዴት እጽፋለሁ መምህር?"

"አየሽ ፕሮፌሰሯ፣" አለ፤ የክፍል ጓደኞቿ ያወጡላት ስም እሱም ጋ ደርሷል። "ማን ቆሞ ሊቆጥርብሽ ነው?"

"ይህን ያህል ማዳበሪያ ግዛ የምንለው ገበሬ።"

"ጽሑፍሽ እሱ እጅ አይገባም፣ አታስቢ። መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀመጠው።"

ሊያጽናናት ነበር። እሷን ግን ከጠፋው ማሳ ይልቅ ይህ አንገበገባት። ለምረቃው ዘመድ ጎረቤቱን ሁሉ የጠራችውን እናቷን አሰበች፤ "ቀረ" ብላ በየበሩ ስትዞር ታየቻት። በስልክ ለእናቷ የምትነግርበትን ቃል ግን ከአሁኑ መፈለግ ጀምራለች።

"በበጋው በመስኖ ልድገመው፣" አለች። "ከጓደኞቼ ጋር አልመረቅም፤ ይቅር። ከቧንቧው አጠገብ ያለችውን ጥግ ብቻ ይፍቀዱልኝ። ሌሊትም ቢሆን ራሴ እጠብቀዋለሁ።"

ከውጭ የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። አማካሪዋ ኮቱን አንሥቶ ወጣ፤ ደረጃውን እስኪጨርስ ተከተለችው።

"መምህር፣ ጥጓን ይፈቅዱልኛል?"

እሱ እጁን ዘርግቶ ወደ እንግዶቹ እየሄደ ነበር። ከሁሉ አስቀድሞ የበቆሎውን ማሳ እንደሚያሳያቸው ሲነግራቸው ሰማችው።