ቢጫው ሪዝ

ከትናንት ጀምሮ አንድ ቦታ ቁጭ ማለት አቅቶኛል። ሰዎች ለእረፍት ወደ ማልታ እንዲመጡ የሚጋብዝ አጭር ፊልም ሥሪ ተብያለሁ። አለቆቼ ፀሐይ፣ ባሕርና ሳቅ ብቻ ነው የሚፈልጉት፤ ሌላ ነገር በዚህ አገር የሌለ ይመስል። እኔም አፌን ሞልቼ፣ "የአባቴ ጀልባ አለችላችሁ" አልኩ።

ማለዳ ማርሳሽሎክ ወደብ ስደርስ፣ አባቴ ቸንሱ ጀልባው አጠገብ ተንበርክኮ የጥቁር ቀለም ቆርቆሮ ይከፍታል። ክው አልኩ። ከጀልባዋ ፊት፣ ከተሳሉት ዓይኖች በላይ፣ ግራና ቀኝ የተቀባውን ቀለም ሪዝ እንለዋለን። የእኛ ቢጫ ነው። የሚጠቁረው ከቤት ሰው ሲሞት ነው። ወንድሜ ዊስቲን በታኅሣሥ፣ አባቴ "ማዕበል አለ፣ ዛሬ አትውጣ" ብሎ ሲቆጣው፣ አኩርፎ በሰው ጀልባ ወጣ። ሬሳው እንኳ አልተገኘም። እናቴ ጁዛም "ልጄን በዓይኔ ሳላይ ሪዙን የሚነካ ወዮለት!" ስላለች እስከ ዛሬ ቢጫ ነው።

"አባዬ፣ ዛሬ? ካሜራው እየመጣ ነው እኮ!"

"ይምጣ! ሰዉ በጎን እያየኝ ነው። ለልጁ ያላዘነ አባት እየተባልኩ እስከ መቼ?"

"ለፊልሙ ብዬ ነው። ነገ ትቀባዋለህ።"

"ለፊልሙ?" ቀና ብሎ አየኝ። "አይ አንቺ! የእናትሽ ልጅ።"

እውነቱን ነው፤ ፊልሙ ሰበብ ነበር። ያ ቢጫ ከጠፋ ዊስቲንን በእጃችን የምንቀብረው መስሎኝ ፈርቼ ነው።

እናቴ ከኋላዬ መድረሷን አላወቅሁም። ቆርቆሮውን አየችው። ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ፣ ብሩሹን አንስታ ለአባቴ ሰጠችው።

"በመሬት በኩል ያለውን ቀባው። ሰዉም አፉን ይዝጋ" አለች። "የባሕሩን ጎን ግን እንዳትነካ። ልጄ ከሩቅ ሲመጣ ጀልባዋን በምን ይለያታል?"

አባቴ ግማሹን አጠቆረ።

ከውጭ የመጣው የካሜራ ባለሙያ በትንሽ ጀልባ ሆኖ ከባሕሩ በኩል ነበር የሚቀርጸው። የታየው ቢጫው ብቻ ነው፤ ደስ አለው። እናቴን ጀልባዋ ላይ አስቀምጦ፣ "እማማ፣ ለእንግዶቹ የሆነ ነገር ይበሉልን" አላት።

እሷ ካሜራውን አላየችም። ከእሱ ጀርባ፣ ወደ ወደቡ አፍ አየች።

"ኑ" አለች። "ራቱ ከገበታ አይነሳም፣ በሩም አይቆለፍም። አትፍሩ፣ ማንም አይቆጣችሁም።"

አባቴ ብሩሹን እንደያዘ ፊቱን አዞረ።

"ግሩም ነው!" አለ ሰውየው። "እማማ፣ እስቲ አንዴ ይድገሙልኝ፤ ትንሽ ጮክ ብለው።"

ብድግ ብላ ቆመች፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው።